ፍሪሲዮንና የሞተር ጉልበት፤ ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ቱርቦ

ሞተሩ የተጎለበተ መኪና ፋብሪካው የገጠመለትን ፍሪሲዮን እንደያዘ በደኅና ሊሠራ ይችላልን? ይህ ጥያቄ በየጋራዡ ሲነሣ መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በልምድ ነው። አንዱ መካኒክ «ይችላል፤ እኔ ገጥሜው ሦስት ዓመት ሠርቷል» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «በሦስት ወር ዐመድ ይሆናል» ይላል። የሚያስገርመው ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው። ልዩነታቸው ከምን እንደመጣ ለመረዳት ቀመር ብቻውን አይበቃም፤ በአገራችን መንገድ፣ በአገራችን ከፍታና በአገራችን ጭነት ላይ ሞተርና ፍሪሲዮን እንዴት አብረው እንደኖሩ መመልከት ያስፈልጋል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ፍሪሲዮን የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ፍቺውም ሰበቃ ማለት ነው። ከካምቢዮ፣ ከኩሽኔታ፣ ከሞላና ከባሌስትራ ጋር አብሮ ወደ ቋንቋችን የገባ ነው። ስያሜው የመሣሪያውን ባሕርይ በትክክል ይገልጻል ለማለት ይቻላል፤ ፍሪሲዮን የሚኖረውም የሚሞተውም በሰበቃ ነውና። ቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ የታሰረው ከባድ ጎማ፣ ሲዞር ሸራ የለበሰውን ዲስክ በሞላ ኃይል ከሚጫነው ሳህን ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ዲስኩም ዙሩን ለካምቢዮ ያስተላልፋል። ዲስኩ ሳይንሸራተት ሊያስተላልፈው የሚችለው ጠምዛዥ ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም ሞላው የሚጫንበት ኃይል፣ የሸራው የሰበቃ መጠን፣ የዲስኩ አማካይ ሬድየስና የሚሳበቁት ገጾች ብዛት ናቸው። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው በዚህ ስሌት ውስጥ የፈረስ ጉልበት የሚባል ነገር ጨርሶ አለመግባቱን ነው። ፍሪሲዮን የሚያውቀው ጠምዛዥ ኃይልን ብቻ ነው።

ፋብሪካዎች ይህን አቅም ከሞተሩ ከፍተኛ ጠምዛዥ ኃይል አስበልጠው ይሠሩታል። ብልጫው ለቤት መኪና ከ1.3 እስከ 1.7 እጥፍ፣ ለጭነት መኪና ደግሞ እስከ 2 እጥፍና ከዚያም በላይ ገደማ ይሆናል። ይህን መጠባበቂያ ብለን እንጥራው። ሞተሩን የሚያጎለብት ሰው፣ ዐወቀም አላወቀም፣ የሚበላው ከዚህ መጠባበቂያ ነው።

ቤዴ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ባቀረበበት ዘመን፣ የብዙዎቹ መኪኖች ፍሪሲዮን በቆዳ የተሸፈነ ሾጣጣ ጎማ ነበር። ቆዳው ሲደርቅ በድንገት ይነክሳል፤ ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል። ሆኖም ያን ጊዜ መንገዱ ራሱ መኪና የማያስኬድ ስለነበረ የፍሪሲዮኑ ድክመት ከሌላው ችግር ተለይቶ የሚታይ አልነበረም።

ነገሩ ጎልቶ የታየው ከባድ መኪና በብዛት ሲመጣ ነው። በ1928 ዓ.ም. የስታራቼ ሞተር ለበስ ጦር መጋቢት 23 ቀን ጎንደርን፣ በሚያዝያ ወር ደግሞ ባሕር ዳርን ሲይዝ የጣልያን ጦር ስንቅና ጥይት የሚጓጓዘው በጭነት መኪና ነበር። ከነዚያ መኪኖች ሁሉ ስሙ በሕዝባችን አፍ የቀረው ፊያት 634፣ ማለትም «ትሬንታ ኳትሮ» ነው። ይህ መኪና በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ከ8 ሊትር በላይ የሆነው የናፍጣ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ወደ 80 ፈረስ ብቻ ነበር። የዛሬ ትንሽ የቤት መኪና የሚበልጠው ጉልበት ይዞ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ቶኖችን ሲጎትት የቻለው ካምቢዮው ዝቅተኛ ማርሽ ስለነበረው ነው። ለትሬንታ ኳትሮ የሞተር ማጎልበት ጥያቄ አልነበረም፤ ጥያቄው ጭነቱ ነበር። በእኔ ግምት የአገራችን ፍሪሲዮን ታሪክ ዋና መስመርም ይኸው ነው፤ መኪናውን የሚፈትነው ሞተሩ ሳይሆን የተጫነበትና የሚወጣው ዳገት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ መናገር ግድ ይሆናል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና መሸንቲን፣ መራዊን፣ ዱርቤቴንና ዳንግላን አልፎ እንጅባራ ሲደርስ ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል። አየሩ በከፍታ ሲሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ያንሳል፤ ጠምዛዥ ኃይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ዳር ከፍታ ጉድለቱ 16 ከመቶ፣ በእንጅባራ 22 ከመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ በአውሮፓ ወደብ ላይ ለ100 ጠምዛዥ ኃይል የተሠራ ፍሪሲዮን በጎጃም ደጋ የሚሸከመው ከ78 እስከ 84 ብቻ ነው። የቀድሞ መኪኖች ፍሪሲዮን «ጠንካራ ነበር» ሲባል የምንሰማው ምስጋና ከፊሉ የብረቱ ሳይሆን የስስ አየሩ ነው። ተራራው ሳይጠየቅ መጠባበቂያ ይጨምር ነበር።

ነገር ግን ያው ተራራ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል። ፍሪሲዮን ሁለት ሥራ አለውና፤ አንደኛው ከተያዘ በኋላ ሳይንሸራተት ማስተላለፍ ነው፤ ሁለተኛው የቆመን መኪና ሲያስነሣ እየተንሸራተተ መኪናውንና ሞተሩን ወደ እኩል ዙር ማድረስ ነው። በዚህኛው ሥራ መንሸራተቱ የማይቀር ነው፤ የሚንሸራተተውም ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በሜዳ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት መኪናው ካገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ነው። በዳገት ላይ ግን ከሞተሩ ኃይል ዳገቱ የሚወስደው ተቀንሶ በቀረው ብቻ ስለሚነሣ መንሸራተቱ ይረዝማል፤ ሙቀቱም ይባዛል።

ይህን በዓባይ በረሃ መንገድ ላይ እናስላው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው አፋፍ ወርዶ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ዳገቱ ብቻውን ከሞተሩ የፋብሪካ ጠምዛዥ ኃይል 60 ከመቶውን የሚወስድበት ሙሉ ጭነት መኪና እናስብ። በባሕር ወለል ላይ ቢሆን ሲነሣ የሚፈጠረው ሙቀት የሜዳው 2.5 እጥፍ ነው። በድልድዩ አጠገብ፣ ሞተሩ 90 ከመቶ ኃይሉን ሲይዝ፣ 3 እጥፍ ይሆናል። ደጀን አፋፍ አጠገብ፣ ሞተሩ ወደ 78 ከመቶ ሲወርድ ደግሞ 4.3 እጥፍ ይደርሳል። 20 ቶን የሚመዝን መኪና በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት እስኪይዝ በሜዳ 40 ኪሎ ጁል ሙቀት ቢፈጥር፣ እዚያ አፋፍ ላይ 170 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህ አንድ ሊትር ውኃ በ40 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው፤ ሆኖም የሚያርፈው በውኃ ላይ ሳይሆን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በሸራውና በቮላኖው ስስ ገጽ ላይ ነው። ሹፌሩ አልነሣ ብሎት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ሙቀቱ ሳይበርድ በላዩ ላይ ይደራረባል። ተራው ሸራ 250 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ሰበቃው ይዳከማል፤ ያን ጊዜ የሚሸተው ሽታ ለሁላችን የታወቀ ነው።

የኤንትሬ ሹፌሮች ይህን ሒሳብ ያለ እርሳስ ያውቁት ነበር። ኤንትሬ ስንል ፊያት 682 ኤን 3 ማለታችን ነው። የ682 ዘር ከ1952 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. የተመረተ ሲሆን፣ ሞተሩ ከ140 ፈረስ አካባቢ ተነሥቶ ሲሰፋ ወደ 180 ገደማ ደርሷል፤ ያውም ያለ ቱርቦ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን፣ በ1955 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተውን የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቷንና በ1956 ሥራ የጀመረውን የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ስታገኝ፣ ሐዲድ በሌለበት አገር ያ ሁሉ ማሽንና ጥጥ የመጣው በመኪና ጀርባ ነው። ኤንትሬ ከነተሳቢው ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ይወርዳል፤ ከጎማው ሥር ያስገባል። በእግር ፍሪሲዮን «ባላንስ» ይዞ መኪናን ዳገት ላይ ማቆም እንደ ነውር ይታይ ነበር። በምሕንድስና ዓይን ስናየው ያ የእንጨት ታኮ ለፍሪሲዮኑ ከማናቸውም የተሻለ ሸራ የበለጠ ጥቅም ነበረው፤ መኪናውን የሚይዘው ታኮው እስከሆነ ድረስ ዲስኩ የሚንሸራተተው ለማስነሣት ብቻ ነውና። የረዳት ሙያ በመጽሐፍ አልተጻፈም እንጂ ቢጻፍ ኖሮ ይህ አንድ ምዕራፍ ይሆን ነበር።

ከጭነት መኪናው ወደ ትንሿ መኪና እንለፍ፤ በትክክል «ማጎልበት» የተጀመረው በእርሷ ነውና። ቮልስ በአገራችን ያላትን ስም መግለጽ አያስፈልግም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ የለም። የ34 ፈረሷ 1200 ሞተር 82 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ የ50 ፈረሷ 1600 ደግሞ 106 ኒውተን ሜትር ገደማ ትሰጣለች። አሮጌውን 1200 አውጥቶ በቦታው 1600 መግጠም በየጋራዡ የተለመደ ሥራ ሲሆን፣ ጠምዛዥ ኃይሉን በ29 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ፋብሪካው ራሱ በዚህ መንገድ ሲሄድ ምን አደረገ? የ1200ን 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ትቶ ለ1500 እና ለ1600 ወደ 200 ሚሊ ሜትር ተሻገረ። ተመሳሳይ ቅርጽና ተመሳሳይ ግፊት ከተጠበቀ የዲስክ አቅም በዲያሜትሩ ሦስተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ አቅሙን በ37 ከመቶ ያሳድገዋል። ፋብሪካው መጠባበቂያውን አልበላም፤ እንዲያውም ጨመረበት።

ታዲያ የአሮጌው ካምቢዮ ቤት የተሠራው 109 ጥርስ ላለው ትንሹ ቮላኖ ነው፤ የ200 ሚሊ ሜትሩ ቮላኖ 130 ጥርስ ስላለው የቤቱን ውስጥ ሳይሞርዱ አይገባም፤ የማስነሻ ሞተሩም ጉዳይ አለ። ይህን ድካም ለማምለጥ አዲሱን ሞተር ከትንሹ ፍሪሲዮን ጋር የሚያጋባ መካኒክ አለ። ወገኖቼ መካኒኮች አይቀየሙኝ እንጂ፣ «ሦስት ዓመት ሠርቷል» የሚለው ምስክርነት በብዛት የሚሰማው ከዚህ ነው። እውነትም ይሠራል፤ ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ቀላል መኪና ናት፤ ዳገት ላይ የምትፈጥረው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ከፍታውም ከ106ቱ ኒውተን ሜትር 16 እስከ 22 ከመቶውን ይቀንስላታል። 1600ዋ ቮልስ ባሕር ዳር ላይ የምትሰጠው 89 ገደማ፣ እንጅባራ ላይ 83 ገደማ ነው፤ ይህም 1200ዋ በባሕር ወለል ላይ ከምትሰጠው ብዙ አይበልጥም። ያው ሞተር ጅቡቲ ቢወርድ ግን ምስክርነቱ ይለወጣል።

በዚህ መካከል የፍሪሲዮን አሠራር ራሱ ተሻሻለ። በቀድሞው ዓይነት ሳህኑን የሚጫኑት በክብ የተደረደሩ ጥቃቅን ሞላዎች ነበሩ፤ ሸራው ባለቀ ቁጥር ሞላዎቹ ስለሚረዝሙ ግፊታቸው ይቀንሳል። በኋላ የመጣው እንደ ሳህን የተጎበጠ አንድ ሞላ ግን ሸራው ሲያልቅ ግፊቱን ጠብቆ፣ እንዲያውም በመጀመሪያ ጥቂት ጨምሮ ይቆያል። በ1965 እ.ኤ.አ. ቡል በተባለችው የጀርመን ከተማ የተቋቋመው ሉክ ፋብሪካ ይህን ዓይነት በአውሮፓ አስፋፍቷል። ለኛ ትርጉሙ ይህ ነው፤ በአሮጌው ዓይነት ግማሽ ያለቀ ፍሪሲዮን መጠባበቂያው አብሮ አልቋል፤ በአዲሱ ዓይነት ግን ዘይት ካልነካውና ካልተቃጠለ አቅሙ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ሁለቱን ዓይነት ሳይለዩ «ያረጀ ነው» ብሎ መፍረድ አያዋጣም።

ታሪኩን ከሥሩ የለወጠው ግን ቱርቦ ነው። ቱርቦ የሳሳውን አየር አፍኖ ስለሚሰጥ፣ ሞተሩ ፋብሪካ ላይ የተጻፈለትን ጠምዛዥ ኃይል አብዛኛውን በደጋም ይዞ ይወጣል። በመሆኑም ተራራው ለአያሌ ዓመታት ለፍሪሲዮን ይሰጥ የነበረው ድጎማ ቀረ። መሸንቲ ላይ መንገድ ዳር ለግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህን ለውጥ በጆሮው ሊሰማው ይችላል፤ እህል ጭኖ የሚያልፈው አይሱዙ፣ ሕዝብ የሞላው ሚኒባስና አሸዋ የተሸከመው ሲኖትራክ ድምፃቸው ይለያል።

ሚኒባሱን እንውሰድ። 3 ሊትር የሆነውና ቱርቦ የሌለው የቶዮታ 5ኤል ሞተር እና 2.5 ሊትር የሆነው ቱርቦ ያለው 2ኬዲ ሞተር የፈረስ ጉልበታቸው በጣም ይቀራረባል፤ ሁለቱም 100 ፈረስ አካባቢ ናቸው። ጠምዛዥ ኃይላቸው ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው 195 ገደማ፣ ሁለተኛው 260 ኒውተን ሜትር ነው። ለስሌት ያህል የ5ኤል ፍሪሲዮን 1.4 እጥፍ መጠባበቂያ አለው ብንል አቅሙ 273 ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ 5ኤል የሚሰጠው 164 ስለሆነ እውነተኛው መጠባበቂያ 1.66 እጥፍ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በምቾት ይኖራል። በዚሁ ፍሪሲዮን ላይ 2ኬዲ ቢታሰር ግን መጠባበቂያው 1.05 ብቻ ነው። ሸራው ጥቂት ቢሞቅ ወይም ከኋላ ዘይት መያዣው ጠብታ ዘይት ቢያመልጥ ይንሸራተታል። «ፈረሱ እኩል ነው፤ ምን ይሆናል?» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። 2ኬዲን ደግሞ በኮምፒውተር ናፍጣውን አብዝቶ ወደ 320 ማድረስ ለሚፈልግ፣ የ5ኤሉ ፍሪሲዮን በስሌትም እንኳ አይበቃውም።

ከዚህ ጎን ለጎን ለማጎልበት የሚመሰክር አንድ ሐቅ አለ፤ ከተቃዋሚዎቹ አብዛኞቹ ይዘነጉታል። ወደ ደጀን አፋፍ እንመለስ። ያው ጭነት ሳይጨመር የሞተሩ ጠምዛዥ ኃይል በቱርቦ ከፋብሪካው ቁጥር በ30 ከመቶ ቢበልጥ፣ ሲነሣ የሚፈጠረው ሙቀት ከሜዳው 4.3 እጥፍ ወደ 1.9 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። መኪናው ፈጥኖ ስለሚነሣ ዲስኩ የሚንሸራተትበት ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ የጎለበተ ሞተር፣ ፍሪሲዮኑ እስከያዘለት ድረስ፣ ለማስነሣት ሥራ ሸራውን ይቆጥባል እንጂ አያቃጥልም። ይህ ሁሉ እውነት የሚሆነው ግን «ጭነት ሳይጨመር» በሚለው ቃል ላይ ነው። የመንገዳችን ታሪክ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ 80 ፈረስ በ180፣ 180ውም 371 ፈረስ ባለው ሲኖትራክ ሲተካ ጭነቱ አብሮ አድጓል። 430 ሚሊ ሜትር ዲስክ የያዘ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሽታ ሲያወጣ ስናይ ሞተሩን ከመውቀስ በፊት ሚዛኑን ማየት ይገባል።

አቅም ለመጨመር የሚወሰዱት መፍትሔዎች እያንዳንዳቸው ዋጋ ያስከፍላሉ። ጠንካራ ሞላ መግጠም ቀላሉ ነው፤ ነገር ግን ፔዳሉን ያከብደዋል፤ ሹፌሩ በረገጠው ቁጥርም የሞተሩን ዋና ዘንግ ወደ ፊት ስለሚገፋ የግፊት ኩሽኔታውን ይበላል። ከብረት ዱቄት የተጋገረ ሸራ ሙቀት ይችላል፤ ሆኖም በድንገት ስለሚነክስ ድንጋጤው ወደ ካምቢዮና ዲፈረንሲያል ይተላለፋል፤ ሰው ለሚጭን ሚኒባስም አይስማማም። ከሶማሌ ተራ የትልቁን ሞተር ቮላኖ፣ ሳህንና ዲስክ አንድ ላይ አግኝቶ መግጠም፣ ቤቱ ከተቀበለው፣ ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል፤ የቮልስ ፋብሪካም ያደረገው ይህንኑ ነው። አሮጌ ዲስክ ላይ ሸራ ብቻ አስቸክሎ መመለስ ለፋብሪካው ሞተር ይበቃል፤ ለጎለበተ ሞተር ግን ዲስኩ ላይ ያሉት ማርገቢያ ሞላዎች ካልታዩ ግማሽ ሥራ ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑን የሚያውቅ ዓባይን የወረደ ነው። በቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን የሚይዘው በዚሁ ዲስክ በኩል ነው። ሽቅብ ሲወጣ የተቃጠለና የተስታወተ ሸራ ወደ ታች ሲወርድ የሞተሩን መያዝ ለጎማው ላያደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም በበኩሉ ይግላል። ጎሐ ጽዮን ላይ አንድ ጊዜ ሽታ ያወጣ መኪና ሳይበርድ መውረድ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ዕድሜ እንዲረዝም መፈለጉ የማይቀር ነው፤ ሞተር መለወጥም ከቮልስ ዘመን ይልቅ ሊበዛ ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ እስከዚያ ድረስ ግን ሥራው የኛ ነው። ሞተር የለወጠ ባልደረባ መኪናውን ከማስረከቡ በፊት ሙሉ ጭኖ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ባለው ዳገት ላይ ይሞክረው። በአራተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ 1,600 ዙር አካባቢ ሲሆን፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ይርገጥ። ፍጥነቱ ሳይጨምር የዙሩ መቁጠሪያ ከዘለለ ፍሪሲዮኑ አልቻለም ማለት ነው። ሙከራው ከቆመበት በማስነሣት ቢደረግ ይህን አያሳይም፤ በአንደኛ ማርሽ መኪናው ቶሎ ስለሚያመልጥ ሞተሩ ሙሉ ጠምዛዥ ኃይሉን የሚያሳርፍበት ጊዜ አያገኝም።